የአያት ግዝት

ወለተገብርኤል ከነጋ ወዲህ የልጅ ልጇን ክንድ ሦስት ጊዜ ለካችው። ከትከሻ እስከ መሀል ጣት ጫፍ ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት ነው። ክንዱስ ይደርሳል፤ ደርሶም ይተርፋል። የቸገራት ሌላ ነው።

«እስቲ አንዴ ብቻ፣ ለእማማ ብለሽ» አለች፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ልጅቱን በጉልበቶቿ መሀል እንዳቆመች።

ቤተልሄም ቀኝ እጇን አነሳች። እጇ ሽቅብ ወጣ፣ አናቷ ላይ ደረሰ፣ ሽሩባዋ መሀል ለመሀል ከተከፈለበት መስመር ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ግራ ጆሮዋ ጋ ሊደርስ አንድ ጋት ያህል ቀርቶታል።

«ጨርሺው እንጂ የኔ እናት!»

«አይቻልም።»

«ለምን አይቻልም?»

«ገዝተሽኛላ።»

«ፈትቼሻለሁ አልኩሽ እኮ! ትናንትም ፈታሁሽ፣ ዛሬም ፈታሁሽ!»

ልጅቱ እጇን አወረደችና አያቷን በሐዘኔታ አየቻት። «አንቺ ቄስ ነሽ እንዴ?» አለች።

ወለተገብርኤል እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማረች፣ የቀበሌ ደብዳቤ ለጎረቤት አንብባ የምታስረዳ ሴት ናት። አሁን ግን የልጅቱን ክንድ ይዛ እንደገና መለካት ጀመረች።

ነገሩ የተበላሸው አምና በዚሁ በነሐሴ መጨረሻ ነው። ከአስፋልቱ ማዶ ያለው የደብሩ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ለመዋዕለ ሕፃናት አርባ ልጅ ይቀበላል። ኃላፊው ቀሲስ ኪዳኔ ናቸው። ልጁ ስሙን ከነአባቱ ይናገራል፣ ቀለም ይለያል፣ ይቆጥራል፣ እርሳስ ይይዛል፤ መጨረሻ ላይ ቀኝ እጁን በአናቱ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ይነካል። የነካ ይገባል፤ ያልነካ «ለከርሞ ያድርሰን» ተብሎ ይመለሳል። የልደት ወረቀት ዘርግቶ የሚከራከር ወላጅ አይጠፋም። ቀሲስ ኪዳኔ ለሁሉም አንድ መልስ ነው ያላቸው፦ «ወረቀት ሰው ይጽፈዋል። ክንድን የሚያረዝመው እግዜር ነው።»

አምና ቤተልሄም አምስት ዓመቷ ነበር፤ ቤት ውስጥ ጆሮዋን እየሳቀች ትይዘው ነበር። ወለተገብርኤል ግን ወረፋው ላይ ቆማ ሳለ አንድ ሕፃን የእናቱን ቀሚስ በጥርሱ ነክሶ አልገባም ሲል አየች። ወዲያው ደግሞ አንድ ሲኖትራክ ጡሩምባውን እየነፋ በአስፋልቱ ላይ በረረ። ይህች ልጅ እናቷ በሦስት ወሯ የሞተችባት፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ከአያቷ ጎን ተለይታ ያላደረች ልጅ ናት። ይህን አስፋልት ተሻግራ፣ እዚህ ግቢ ገብታ፣ ቢያማት ማን ያያታል? ብትወድቅ ማን ያነሳታል? ጎንበስ አለችና አንሾካሾከችላት፦ «ጆሮሽን ንኪ ሲሉሽ ሽሩባሽ ላይ ስትደርሺ አቁሚ። እንዳትነኪ። ለአባትሽም ለማንም እንዳትነግሪ። በመድኃኔዓለም ገዝቼሻለሁ!»

ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ሳታስበው ነው ያመለጠቻት። «ገዝቼሻለሁ» ለእሷ የዕለት ንግግር ናት፤ ጓሮዋን ለሚጭር ዶሮም ትላታለች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ! ልጅቱ ግን ቃሉን የምር ያዘችው። ለከርሞ ተብላ ተመለሰች። አባቷ ኤርሚያስም እናቱን አመነ። ወለተገብርኤል ለልጅቱ ሸንኮራ ገዛችላት፤ አንድ ዓመት ተገኘ። በጥምቀት ሰሞን ቤተልሄም አንዱን ዲያቆን ይዛ ግዝት ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ዲያቆኑም፣ ይባረክና፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገራት፤ ካህን ያልፈታው ግዝት አይፈታም፣ የጣሰውም ነፍሱ ታስራ ትቀራለች።

ዘንድሮ ደግሞ ለከርሞ የሚባል ነገር የለም። ቤተልሄም በጥር ሰባት ዓመት ይሞላታል፤ ሰባት የሞላውን መዋዕለ ሕፃናቱ አይቀበልም። እናቷ ስትሞት ደሴ ለምትኖር እህቷ አንድ አደራ ትታ ነበር፦ «ልጄ ከቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ትማር፤ ካልሆነ አንቺ ውሰጃት።» አክስቲቱ አደራዋን አልረሳችም። ኤርሚያስም የእንስሳት ሐኪም ነውና ባለፈው ሳምንት ጨፋ ሜዳ ላይ ከብት ሲከትብ ውሎ ገብቶ፣ ጭቃ የጠጣ ቦት ጫማውን ሳያወልቅ ተናገረ።

«እማዬ፣ ዘንድሮ ካልገባች መስከረም ሳይጠባ ደሴ ትሄዳለች። እዚያ ትማራለች። ነገሩ አለቀ።»

ወለተገብርኤል እንግዲህ በሁለት እሳት መሀል ቆማለች። ዝም ካለች ልጅቱ ጆሮዋን አትነካም፣ ደሴ ትሄዳለች። ከተናገረች ኤርሚያስ ዓመት ሙሉ መታለሉን ያውቃል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ልጅቱ ጆሮዋን ብትነካም ባትነካም ይዟት ይሄዳል።

«ነጋዳ! ነጋዳ ወለቴ!»

በኦሮምኛ ሰላም ያለቻት ዘሃራ ናት፤ አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ። በር ማንኳኳት የሚባል ነገር በመካከላቸው ኖሮ አያውቅም። የዘሃራ ልጅ ሳዲያ ሩመይሳን ባጠባችበት ጡት እናት የሞተባትን ቤተልሄምን አብራ አጥብታ አሳድጋታለች፤ ሁለቱ ልጆች የጡት እህት ናቸው። ሩመይሳ አሁንም ከአያቷ ኋላ አለች፣ አዲስ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን በባዶው አዝላ። የመንግሥቱ ትምህርት ቤት የመዘገባት ሳያስቸግር ነው።

«ዛሬም ክንድ መለካት ነው?» አለች ዘሃራ። «ወላሂ ልጅቱን ልብስ ሰፊ ቤት አደረግሻት እኮ!»

«ዘሃራ፣ ጉድ ሆኛለሁ።» ወለተገብርኤል እስከዛሬ ለማንም ያልተነፈሰችውን ሁሉ አወጣችው። ዘሃራ ሳቋን ለመያዝ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ሰማቻት፤ መጨረሻ ላይ ግን አልቻለችም።

«አንቺ! ጆሮዋን ገዘትሽ? የልጅ ጆሮ ይገዘታል?»

«አትሳቂብኝ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ! እኛ ዘንድ መሐላውን ያፈረሰ አሥር ሚስኪን ያበላል፤ ያጣ ሦስት ቀን ይጾማል፤ ያልቅለታል። እናንተ ዘንድ ምን ይደረጋል?»

«ቄስ ነው የሚፈታው።»

«ቄሱ ታዲያ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው የለም እንዴ?»

«ኤርሚያስስ? እሱም እኮ እዚያው ይጠብቀኛል! ከጨፋ ሮቢት በሞተሩ እየመጣ ነው።»

ዘሃራ ሳቋን አቆመች። በዚያው ቅጽበት ከወደ በሩ ጩኸት ተነሳ። ሩመይሳ የሰማችውን ሰምታ ልርዳት ብላ የቤተልሄምን ቀኝ እጅ ይዛ ወደ ግራ ጆሮዋ ትጎትታለች፤ ቤተልሄም ጭንቅላቷን እያሸሸች ትጮሃለች።

«ልቀቂኝ ሩሚ! ነፍሴ! ነፍሴ ትታሰራለች!»

ወለተገብርኤል ልጅቱን ነጥቃ አቀፈቻት። ትንሿ ልብ እንደ ተያዘች ወፍ ትመታለች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩን የልጅ እልኸኝነት ነው ስትል ነበር። እልኽ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ዓመት ሙሉ ይህን ተሸክማ ስትተኛ ስትነሳ ኖራለች ማለት ነው።

«ወለቴ» አለች ዘሃራ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «ግማሿ የኔ ናት። ከሩሚ ጋር አንድ ቤት እንድትማር እኔ የምጠላ ይመስልሻል? ግን ይችው ሩሚ ከቁርዓን ፋቲሃ ስታነበንብ አብራ ታነበንባለች፤ አባታችን ሆይን ደግሞ ግማሹ ላይ ትስታለች። የራሷን ትማር ብዬ የመከርኩሽ እኔ ነኝ። ሂጂና ንገሪያቸው። ሂንሶዳቲን! አትፍሪ! እዚህ ያደረሰሽ ይኸው ፍርሃትሽ ነው።»

ወለተገብርኤል አንድ ዘዴ መጣላት፤ ቀድማ መድረስ። ኤርሚያስ ሳይመጣ ቀሲስን ለብቻቸው ታገኛቸዋለች፣ ይፈቱላታል፣ ማንም ሳያውቅ ያልቃል። ነጠላዋን አጣፍታ ልጅቱን እየጎተተች ወጣች። አስፋልቱ ዳር ስትደርስ የልጅቱን አንጓ ጨምቃ ያዘች። አንድ ባጃጅ አለፈ፣ አንድ አይሱዙ አለፈ፣ ሁለት ግመል የሚነዳ ሰው አለፈ፤ እሷ ግን ሌላ ከሩቅ የሚመጣ አየሁ እያለች አልሻገር አለች።

«እማማ፣ እጄን አሳመምሽኝ» አለች ቤተልሄም።

ተሻግረው ሲደርሱ ሌላው ቀድሟቸዋል። ሴቱ ወንዱ ልጁን እየያዘ ከበሩ እስከ ውኃ ቧንቧው ተሰልፏል። ዘበኛው ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ካርቶን ሰጣት።

«ልጄ፣ ቀሲስን አንዲት ቃል ብቻ ላናግራቸው።»

«በወረፋ እማማ።»

«የነፍስ ጉዳይ ነው።»

«የሁሉም የነፍስ ነው። እርስዎ ሠላሳ ሰባት ነዎት።»

ከጠዋቱ ዝናብ በኋላ ፀሐይዋ በርትታለች፤ ከመሬቱ የሚነሳው ወበቅ ፊት ይልሳል። ወለተገብርኤል በመስኮቱ በኩል የቀሲስ ኪዳኔን ነጭ ጥምጥም እያየች ቆመች። እሳቸው በሩ ላይ ብቅ ባሉ ቁጥር ወደዚያ ትራመዳለች፤ በተራመደች ቁጥር አንድ ሰው ይቀድማታል። አንዲት እናት የተመለሰ ልጇን አዝላ የልደት ወረቀቷን እያውለበለበች ወጣች፤ «የመንግሥት ማኅተም እኮ ነው! ማኅተም!» ትላለች። ከውስጥ የቀሲስ ድምፅ ተከተላት፤ «ማኅተሙ ጆሮውን አይነካለትም ልጄ! ለከርሞ!» ሰልፉ ሳቀ። ወለተገብርኤል አልሳቀችም።

ወረፋው ሠላሳ አንድ ላይ ሲደርስ የሞተሩ ድምፅ መጣ። ኤርሚያስ የራስ ቁሩን አውልቆ የልጁን ጉንጭ ሳመና ከእናቱ ጎን ቆመ።

«አክስቷ ደውላ ነበር» አለ። «አልጋዋን አዘጋጅቻለሁ ትላለች። ደግሞ አንድ ነገር አለችኝ። በአንቺ ስልክ ማታ ማታ ስደውል ሁልጊዜ ተኝታለች ይሉኛል አለች። ይቺ ልጅ ዶሮ ናት እንዴ በአሥራ ሁለት ሰዓት የምትተኛው?»

«ስትሮጥ ትውላለች፣ ይደክማታል» አለች ወለተገብርኤል። ቤተልሄም ቀና ብላ አየቻት። ወለተገብርኤል ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ሠላሳ ሰባት!» አለ ዘበኛው።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ቀሲስ ኪዳኔ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው የሕፃናቱ መምህርት፣ ወጣት ሴት፣ መዝገቡን ይዛለች። ኤርሚያስ ወረቀቶቹን አቀረበ። ወለተገብርኤል ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ስምሽ ማነው?» አለች መምህርቷ።

«ቤተልሄም ኤርሚያስ።»

«ይሄ ምን ቀለም ነው?»

«ቢጫ። ያኛው አረንጓዴ። ያንቺ ሹራብ ደግሞ ሐምራዊ።»

«እስከ ስንት መቁጠር ትችያለሽ?»

ልጅቱ እስከ ሠላሳ ሳትተነፍስ ወረደችውና «በኦሮምኛም ልቁጠር?» አለች። ሳይፈቅዱላት ጀመረችው፤ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር…»

«ይበቃል፣ ይበቃል!» አሉ ቀሲስ እየሳቁ። «ይቺስ እኛንም ታስተምራለች። በይ ልጄ፣ አሁን ቀኝ እጅሽን በአናትሽ አሻግሪና ግራ ጆሮሽን ንኪልኝ።»

እጇ ተነሳ። ወለተገብርኤል በዓይኗ ተከተለችው። ምናልባት እዚህ ሲሆን፣ በቄስ ፊት ሲሆን… እጁ ወጣ፣ ሽሩባው መሀል ደረሰ፣ ቆመ።

«ጨምሪ።»

ቆመ።

«ትንሽ ብቻ ጨምሪ ልጄ።»

የልጅቱ እጅ ካለበት አልተነቃነቀም። መምህርቷ ጎንበስ ብላ አየቻት። «አባ፣ ክንዷ እኮ የሚደርስ ይመስላል። እሷ ናት የምታቆመው።»

ቀሲስ ኪዳኔ የአምናውን መዝገብ ገለጡ። «አምናም እዚሁ ላይ ነው የቆመችው» አሉ። «ክንዷ ቢደርስ ልቧ አልደረሰም። ታዘዢ ሲሏት የማትታዘዝ ልጅ ደግሞ ገና ናት።» የልደት ወረቀቱን አንስተው አዩ፤ ድምፃቸው ለዘብ አለ። «ከርሞ ደግሞ ሰባት ሞልቷታል። አዝናለሁ ልጄ ኤርሚያስ።»

ኤርሚያስ አልተከራከረም። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሰበሰበ፣ አጠፈ፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። «እሺ አባታችን። ነገ ጠዋት ደሴ እወስዳታለሁ።»

ቤተልሄም አሁንም እጇን አላወረደችም። እጇን አናቷ ላይ እንዳደረገች፣ ሙሾ እንደምታወጣ ትልቅ ሴት፣ እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል። አባቷን አልጠራችም፤ ቄሱንም አላየችም። የምታየው አያቷን ነው። እንዳትናገር ተገዝታለች፤ ያንንም ጠብቃለች። አባቷ ክንዷን ይዞ ወደ በሩ ሲመልሳት እንኳ አፏን አልከፈተችም።

«እኔ ነኝ» አለች ወለተገብርኤል።

ማንም የሰማት አልመሰላትም። ከግድግዳው ተላቀቀች። «እኔ ነኝ አልኩ! ገዝቻት ነው አባቴ። አምና እዚያ ሰልፉ ላይ፣ ጆሮሽን እንዳትነኪ ብዬ፣ ለማንም እንዳትነግሪ ብዬ፣ በመድኃኔዓለም ገዘትኳት።»

ቀሲስ ኪዳኔ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወለተገብርኤል፣ ክህነቱን ማን ሰጠሽ?»

«ማንም አባቴ።»

«እኔ ይህችን መስቀል እስክጨብጥ ድረስ በየገዳሙ ቆሎ ስቆረጥም አሥራ ስምንት ዓመት ፈጀብኝ። አንቺ ወረፋ ላይ ቆመሽ ገዘትሽ?»

መምህርቷ አፏን በመዝገቡ ሸፈነች። ኤርሚያስ ግን በሩን እንደያዘ ቀርቷል።

«ለምን?» አለ።

«ሲኖትራኩ…» ብላ ጀመረች። ቃሉ ለራሷ ጆሮ ሲደርስ ባዶ ሆነባት። «ፈራሁ ልጄ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ቀሲስ ኪዳኔ ከወንበራቸው ተነሡ። ወደ ልጅቱ መጥተው በርከክ አሉና መስቀላቸውን አናቷ ላይ፣ እዚያው በቆመችው ትንሽ እጅ ላይ አሳረፉ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ። አያትሽ ያሰረችውን እኔ ፈትቼዋለሁ።»

«ነፍሴ አትታሰርም?»

«አትታሰርም። ከታሰረችም በኔ ይሁን።»

የልጅቱ እጅ ተንቀሳቀሰ። ሽሩባውን አለፈ፣ በግራ በኩል ወረደ፣ ጆሮዋን ጨብጦ ያዘ። መንካት ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ጎተተችው። መምህርቷ «ይኸው!» ብላ መዝገቡን ከፈተች። ወለተገብርኤል ግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። አለቀ፣ አለች በልቧ፤ አምላኬ፣ አለቀ።

«አባ» አለች ቤተልሄም ጆሮዋን ሳትለቅ። «ሌላም አለ።»

«ሌላ ምን?»

«ሌላ ግዝት። እዚያው ፍታልኝ።»

ቀሲስ ኪዳኔ ወለተገብርኤልን በዓይናቸው ጫፍ አዩና «በይ አምጪው» አሉ።

ልጅቱ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። «ማንጎው ላይ እንዳልወጣ። ቦርከና ወንዝ ዳር እንዳልወርድ። የእማ ዘሃራን አውራ ዶሮ እንዳላባርር። ከሩሚ ቤት በቀር የሰው ቤት እንዳልበላ።» መምህርቷ ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ትስቃለች፤ የቀሲስም ጢም ይንቀጠቀጣል። «ደግሞ እትዬ ከደሴ ስትደውል፣ እማማ ተኝታለች ስትላት፣ እንዳልናገር። ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ።»

ሳቁ ተቆረጠ።

ወለተገብርኤል ልጇን ለማየት ፈራች። ቢጮህባት በወደደች። ኤርሚያስ ግን ሲናገር ድምፁ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። «እኔን ያታለልሽኝስ ይሁን። የእናቷ ድምፅ የቀረው አክስቷ ጉሮሮ ውስጥ ብቻ ነው እማዬ። ስትናገር ቁርጥ እህቷን ነው የምትመስለው። እሱን ነው የከለከልሻት?»

ታውቀዋለች። ስልኩን ባነሳች ቁጥር ያ ድምፅ ነው የሚያስደነግጣት። ልጅቱ አንድ ጊዜ በደንብ ከሰማችው ተከትላው የምትሄድ ይመስላት ነበር።

«የማንጎውና የቦርከናው ግዝት አይደለም» አሉ ቀሲስ ኪዳኔ ቆም ብለው። «እሱ የአያት ምክር ነው፤ ይጽና። የአውራ ዶሮውም ይጽና። የደሴው ግን ተፈትቷል። አንቺ ደግሞ ወለተገብርኤል፣ ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂና ሁሉንም ተናገሪ። ቀኖናውን እሳቸው ይስጡሽ፤ እኔ ብሰጥሽ ይበዛብሻል።»

ኤርሚያስ ስልኩን አወጣ፣ ደወለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለልጁ አቀበላት። ሁለት ጊዜ ጮኸና ተነሳ።

«ቤቲዬ ናት? እንቅልፋሟ! ዛሬስ ነቃሽ?»

«እንቅልፋም አይደለሁም» አለች ቤተልሄም። «ታስሬ ነበር።»

«ውይ! ማን አሰረሽ?»

ልጅቱ ስልኩን ይዛ ወደ አግዳሚ ወንበሩ ተመለከተች። ወለተገብርኤል ዓይኗን ጨፈነች።

«አሁን ተፈትቻለሁ» አለች ቤተልሄም። «ትምህርት ቤት ገባሁ እትዬ። ጆሮዬን ነካሁት።»

ከዚያኛው ጫፍ እልልታ ተሰማ። ቤተልሄም ስልኩን ከጆሮዋ አራቅ አድርጋ እያየችው አዳመጠች፤ ፈገግ አለች። ኤርሚያስ ተቀበላት። «እንቁጣጣሽን አንቺ ጋ ትውላለች» አለ። «ትምህርት ሲከፈት እመልሳታለሁ።» ‹እመልሳታለሁ› ሲል እናቱን አያት።

የሐርቡ ጠመዝማዛ መንገድ፣ የኮምቦልቻ መኪና፣ የደሴ ብርድ፣ አልጋው፣ እንግዳው ቤት፤ ይህ ሁሉ ወለተገብርኤል ምላስ ላይ ተሰልፎ መጣ። ዋጠችው።

«ሹራቧን አጥብላታለሁ» አለች። «ደሴ ብርድ ነው።»

መምህርቷ የምዝገባ ቅጽ አውጥታ መሙላት ጀመረች። ስም፣ የክርስትና ስም፣ ያለባት ሕመም፣ የአባት ስልክ። ከዚያ ቀና አለች። «ልጆቹን ከበር ላይ የምናስረክበው እዚህ ለተጻፈው ሰው ብቻ ነው። ጠዋት የሚያመጣት ማነው?»

«እኔ» አለ ኤርሚያስ።

«የሚወስዳትስ?»

ወለተገብርኤል የነጠላዋን ጥለት እያጣጠፈች ትፈታለች፣ እየፈታች ታጣጥፋለች። የኤርሚያስ ሥራ በቀትር አያልቅም። ግን ሳዲያ አለች። ዘሃራ አለች። የማንንም ስም መጻፍ ይችላል፤ ልቧ ሁለቱንም ስሞች እየጠራ ጠበቀ። የመምህርቷ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቆሟል።

«እሷን ጻፊ» አለ በመጨረሻ፣ ወደ እናቱ ሳይዞር። «ወለተገብርኤል በይ።»

«ይፈርሙ እማማ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የምንለቃቸው። ከዚያ በፊት በሩ አይከፈትም።»

«ቀደም ብዬ ውጭ ብቆምስ ምን አለበት? ውጭ ነው እኮ፣ አጥሩ ጋ…»

«እማዬ!»

«እሺ። እሺ አልኩ።» እስክሪብቶውን ተቀብላ ስሟን ጻፈች፤ ፊደሎቹ ወደ ላይ ወጡ። ጽፋ ስትጨርስ ስልኳን ከጉያዋ አወጣች። «ስድስት ተኩል ያላችሁት በየትኛው ሰዓት ነው? የኔ አምስት ደቂቃ ይቀድማል።»

ኤርሚያስ አሁንም አላያትም። እጁን ግን ዘረጋ። ስልኩን ሰጠችው፤ የመምህርቷን የእጅ ሰዓት አይቶ አስተካከለላትና መለሰላት።